አማቴን ወደ ላይ ያወጣው ዘይት

አማቴ ሁለት ነገር አይወዱም፦ ስኳር ያነሰው ሻይ እና የሚታዘንላቸው ሰው መሆን። ሻዩን ማስተካከል ቀላል ነው። ሁለተኛው ግን ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ወዲህ የቤተሰቡ ሁሉ ፈተና ሆኗል። ሊደግፋቸው እጁን የሚዘረጋ ሰው ሲያዩ፣ ሰላም ሊላቸው የመጣ ይመስል ጨብጠውት ያልፋሉ።

ክፋቱ ጉልበታቸው እምቢ ያለው ቤተ ክርስቲያናቸው ፎቅ ላይ በወጣበት ሰሞን መሆኑ ነው። ድሮ ጎፋ ሜዳ ላይ የተዘረጋ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበራቸው። ሲዘንብ ስብከት የማይሰማበት፣ ፀሐይ ሲበረታ ሰው የሚቀቀልበት፣ ነገር ግን በሩ ከመሬት እኩል የሆነ አዳራሽ። ከዚያ ቦታው ለሌላ ነገር ተፈለገ። በዚህ ከተማ ቦታ ሁልጊዜ ለሌላ ነገር ይፈለጋል። ጉባኤው ተንከራትቶ ተንከራትቶ መካኒሳ አቦ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ አንደኛ ፎቁን ተከራየ። ከሥሩ ሞባይል ጠጋኝ አለ፤ ጎማ ነጋዴ አለ፤ በጾም የሚዘጋ ሥጋ ቤት አለ። ወደ ላይ የሚያወጣው ከሕንፃው ጀርባ የተለጠፈ የብረት ደረጃ ነው። ቀጥ ያለ፣ ጠባብ፣ የሠራው ሰው ከአሮጊቶች ጋር ቂም የነበረው የሚመስል።

አንድ እሑድ አስተናጋጆቹ አማቴን ከነወንበራቸው አንሥተው አወጧቸው። ልጆቹ ከልባቸው ነበር። አንደኛው ላብ እያጠመቀው "ሃሌሉያ!" ይል ነበር። አማቴ ስብከቱ እስኪያልቅ ተቀምጠው፣ መሬት ሲወርዱ ፍርዳቸውን ሰጡ።

"ከእንግዲህ ተሸክማችሁ የምታወጡኝ ስሞት ነው። ያኔ አልቃወማችሁም።"

ከዚያ በኋላ ጉባኤውን የሚካፈሉት በስልክ ሆነ። እሑድ ጠዋት ቤታቸው የሄደ ሰው፣ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው፣ ኔትወርኩ በሚያዘገየው ልክ ከመዘምራኑ ወደ ኋላ ቀርተው ብቻቸውን ሲዘምሩ ያገኛቸዋል። እኔ ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሰው አይደለሁም። ወደ እሳቸውም ሆነ እናቴ ወዳስጠመቀችኝ እኩል ነው የማልሄደው፤ በዚህ አድልዎ የለብኝም። ግን ያ ዘግይቶ የሚመጣ ነጠላ ድምፅ ሆዴን ያባባው ነበር።

ነገሩ እዚያው ረግቶ ይቀር ነበር፣ የልጅ ልጃቸው ባትታጭ ኖሮ። ይህችን ልጅ ከጡት ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ አንድ ሻንጣና እሷን ይዘው ነው የመጡት፤ ሻንጣው ከዚያ ወዲህ ጠፍቷል። ለልጆቻቸው ሁሉ እንዳደረጉት፣ ለእሷም በሠርጓ ቀን በጉባኤው ፊት ቆመው፣ ሁለት እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ሊመርቋት ቃል ገብተዋል። የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። የተቆረጠው በዓቢይ ጾም ውስጥ ነው፤ ኦርቶዶክሱ በማያገባበት ወቅት ድንኳኑም፣ ካሜራ ማኑም፣ መኪናውም እንደ ልብ ይገኛል። ጴንጤ የመሆን እጅግ ተጨባጩ ጥቅም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ለባለቤቴ አልነገርካትም አትበሉኝ። ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ።

ሙሽራዋ አጭር ነገር ነው የተናገረችው፦ "አያቴ ካልወጣች እኔም አልወጣም።" እጮኛዋ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ላይ የነበረው ቀለም ወዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እንግዲህ በእኛ አገር ችግር ሲገጥም የሚደረገው ተደረገ፦ ኮሚቴ ተቋቋመ። እኔ እንደ ልማዴ ተቃወምኩ። ለምን ምርቃቱ ቤት አይሆንም? ለምን አዳራሹ ለአንድ ቀን ምድር ላይ አይሆንም? ለምን አሮጊቷን አትተዉአቸውም? ባለቤቴ ሁሉንም ሰምታ ስትጨርስ፣ "አንተ ዕድሜህን ሙሉ ስትቃወም ኖርክ። እስቲ አንድ ቀን ደግሞ ሥራ" አለችኝ፤ ስሜንም ኮሚቴው ውስጥ አስገባች። የሥራ ድርሻዬ "ሐሳብ" ተባለ። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሌላ ምን ይሰጠዋል?

ሐሳቡ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእኔ ብቻ አልነበረም። የጉባኤው በያጅ ከእኔ እኩል አስቦታል። ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር የብየዳ ቤት ያለው፣ በመዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ፣ በራሱ ላይ አንዳች ጥርጣሬ አድሮበት የማያውቅ ሰው ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ፣ "ጋሼ፣ ገልባጭ መኪና አፈር በምን ያነሣል?" አለኝ።

"በዘይት" አልኩት።

"አለቀ! እማማ ከአፈር ይከብዳሉ?"

አማቴ በሌሉበት የተባለ ነገር ነው፤ እዚያው ይቅር።

የትምህርት ቤት ፊዚክስ ከረሳ ሰው ጋር ልግባባ። ሁለት ቱቦዎች አሉ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም። ከታች ተያይዘዋል፤ ውስጣቸው ዘይት ነው። ዘይት አይጨመቅም። ቀጭኑ ላይ ስትጫን ግፊቱ ዘይቱን ተከትሎ ወደ ወፍራሙ ይሄዳል፤ ሲሄድም አይደክምም። ቀጭኑ ውስጥ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ያረፈው ግፊት፣ ወፍራሙ ውስጥም ጥፍር በምታህል ቦታ ሁሉ ላይ ያርፋል። ወፍራሙ ደግሞ ብዙ ጥፍር ያስቀምጣል። ስፋቱ መቶ እጥፍ ከሆነ፣ አንድ ኪሎ የሚጫን እጅ መቶ ኪሎ ያነሣል። ተአምር ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ዋጋው በመንገድ ይከፈላል። እጅህ አንድ ክንድ ሲወርድ ሸክሙ ከፍ የሚለው የክንድን መቶኛ ነው። ከትምህርት ቤት ይዤው የወጣሁት፣ እስከ ዛሬም ማንም ያላስተባበለብኝ ንጹሕ እውነት ይህ ብቻ ነው። ታሪክ ሦስት ጊዜ ተቀይሮብኛል።

ኮሚቴው ግን እንደ ማንኛውም ኮሚቴ ትልቅ ነገር ይወዳል። "ወፍራሙን ሲሊንደር ግዙ! እንዳያሳፍረን!" ተባለ፤ ሲሊንደር የሚባለው ያ ሸክሙን የሚያነሣው ቱቦ ነው። እኔ ወፍራም ማለት ብርቱ ብቻ ሳይሆን ዘገምተኛም ማለት መሆኑን ላስረዳ ሞከርኩ። ብዙ ዘይት ስለሚጠጣ፣ እማማ ፎቅ ሲደርሱ ሙሽሮቹ ልጅ ይዘው ይጠብቋቸዋል። "ቀጭኑ ይሻላላ?" አሉ። ቀጭኑ ደግሞ ፈጥኖ ይወጣል፤ ነገር ግን ያንኑ ሸክም ለማንሣት ከፍ ያለ ግፊት ይጠይቃል፤ ከፍ ያለ ግፊት ደግሞ ዘይቱን የሚያስተላልፈውን የጎማ ቱቦ ያፈነዳል። "እንግዲህ አንተ የምትፈልገው የቱን ነው?" አሉኝ። ሰው ሁለቱን ወገን ሲያብራራ ሐሳብ የለውም ማለት ይመስላቸዋል።

በያጁ ክርክሩን ዘጋው። መርካቶ ወርዶ ከአሮጌ ገልባጭ የተፈታ ሲሊንደር አመጣ። ሲታጠፍ ከወገብ የማያልፍ፣ ሲዘረጋ ፎቅ የሚደርስ። እንደተሰካኩ የፕላስቲክ ኩባያዎች አንዱ ከአንዱ ሆድ እየተመዘዘ ይወጣል። መጀመሪያ ወፍራሙ፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ በመጨረሻ ቀጭኑ። ይህንን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ማለቴ እሱ ራሱ ተመለሰብን። ፓምፑ የእጅ ነው፤ የትልቅ መኪና ጋቢና ማንሻ የነበረ። ኤሌክትሪክ ይሁን ያሉትን ተቃውሜ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ለአማቴ መብራት ኃይልን የማምን ዓይነት አማች አይደለሁም።

ሌላም ነገር አሸንፌያለሁ፦ ማስተንፈሻዋን። ከፓምፑ ሥር የምትገጠም፣ በስፕሪንግ የተዘጋች ትንሽ በር ናት። ግፊቱ ከተወሰነለት ሲያልፍ ስፕሪንጉ ይሸነፋል፤ ዘይቱ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ወደ ማጠራቀሚያው ጋን ይመለሳል። የቱቦውን አቅም አይተን፣ የአማቴን ክብደት፣ ክንዳቸውን የሚይዝ የአንድ ሰው ክብደት፣ እሳቸው የሚቆሙበትን ባለ አጥርና ባለ ትንሽ በር መድረክ ብረትና ትንሽ ተጨማሪ አስበን፣ በያጁ ቡሎኗን በዚያው ልክ አጠበቃት። የማንንም ኪሎ ስለመገመት፣ አማቴን "ስንት ይመዝናሉ?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁላችንም መኖር እንፈልጋለን።

የተተከለው በሕንፃው ጀርባ፣ ከደረጃው ጎን፣ ሲሊንደሩ ሲታጠፍ የሚገባበት ጉድጓድ ተቆፍሮለት ነው። ግቢው የባለ ሕንፃው ነው። ጥንት የሰፈሩ መሬት ሁሉ የአባቱ እርሻ ነበር ይላሉ። ከተማው መጥቶ ከበበው፤ እሱም አንድ ሕንፃ አቆመና ከጀርባው ላሞቹን ማርባት ቀጠለ። የአቦ ምእመን ነው፤ ጾሙን አጥብቆ ይጾማል። ላሞቹ ግን አይጾሙም፤ በጾም ወተቱን የሚገዙት ፎቅ ላይ የሚዘምሩት ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ፈቀደ። በራሱ ቋንቋ ላሞቹን እያባበለ፣ በእኛ ቋንቋ ደግሞ እየሳቀ፦

"እናንተ ጴንጤዎች፣ ወደ ላይ በዘይት ሆነ እንዴ የምትወጡት?"

"ወንድሜ፣ አንተም ንስሓ ግባና እናሳፍርሃለን!" አለው በያጁ።

"እኔ ደረጃ እወጣለሁ። ይልቅ ላሜን ያስደነገጥክ እንደሆን ወተቱን ከአንተ ነው የማልበው።"

የመጀመሪያው ሙከራ አላማረም። በያጁ መድረኩ ላይ ሲቆም፣ መድረኩ እንደ አልጋ ስፕሪንግ ዝቅ ብሎ ከፍ አለ። "ምቾት ነው ጋሼ! እንደ አዲስ መኪና" አለኝ። ምቾት አልነበረም፤ አየር ነበር። ዘይት አይጨመቅም ብያለሁ፤ አየር ግን ይጨመቃል። በዘይቱ መካከል የተደበቀ አየር ካለ፣ ግፊቱ መጀመሪያ አየሩን ሲያባብል ይውላል። ከሲሊንደሩ አናት ያለችውን ቡሎን አላልተን ፓምፑን ስንነቀንቅ አረፋ ወጣ፤ ቀጥሎ የሚንፈቀፈቅ ዘይት፤ በመጨረሻ የጠራ ዘይት። አጠበቅናት። ከዚያ በኋላ መድረኩ እንደ አለት ቆመ። ቱቦው እንኳ ቢፈነዳ በአንዴ እንዳይወርድ፣ ዘይቱ የሚመለስበትን ቀዳዳ በጣም አጥብበነዋል። መውረዱ ቀስ ያለ ይሆናል እንጂ መውደቅ አይሆንም። በዚህ ሁሉ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። ብዙ ጽሑፍ ጽፌያለሁ፤ ማንንም ከፍ አድርጎ ያውቅ እንደሆን እንጃ።

ከዚያ በሲሚንቶ ከረጢት ፈተንነው። አማቴንና አንድ አጃቢ የሚያህል ከረጢት ጫንን፤ ወጣ። አወረድን፤ እንደገና ጫንን፤ ወጣ። ፓስተሩ መጥተው ጸለዩበት። የላሞቹ ባለቤት መጥቶ ተሳለቀበት። ሁሉም ነገር ተሟልቶ ነበር። ያልታሰበን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሲሚንቶ ይሉኝታ የለውም። ያስቀመጥከው ቦታ ይቀመጣል።

የሠርጉ ቅዳሜ ጠዋት አማቴ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ከመኪና ወረዱ። መድረኩን ዙሪያውን አዩት። በከዘራቸው ወለሉን ቆረቆሩት።

"ማነው የሚነዳው?"

"እኔ እማማ!" አለ በያጁ፤ ሱፍ ለብሶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ፓምፑ ላይ ቆሞ ነበር።

"መንጃ ፈቃድ አለህ?"

"የጌታ ፈቃድ አለኝ!"

"እሱን ለሌላ ቀን አድርገው" ብለው ወጡ። በራሳቸው እግር። ከመሬት አንድ ስንዝር የሆነችውን ከፍታ ማንም ሳይነካቸው ረግጠው መሃል ላይ ቆሙ። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ነገር በስሌቱ መሠረት ነበር።

ከዚያ ባለቤቴ እናቷን ልትይዝ ተሳፈረች። ይሄም በስሌቱ ውስጥ ነው። የአማቴ ታናሽ እህት "ብቻዋን እንዴት ትወጣለች!" ብለው ተከተሉ። ሰውነታቸው ደልደል ያለ ነው። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም እናቱና አክስቱ ቆመው እሱ መሬት ላይ መቅረቱ ነውር መሰለው። ተሳፈረ። እሱ ከተሳፈረ ሚስቱ ቀርታ ምን ልትባል ነው? ታናሽ ወንድሙም ታላቁ ካለበት ሊጎድል አልፈለገም። በመጨረሻ አንዲት አስተናጋጅ እህት "እኔ ደግሞ በሩን እከፍትላቸዋለሁ" ብላ ጥጉ ላይ ቆመች።

እኔ ከታች ቆሜ አየሁ። ማስቆም ነበረብኝ። ግን ለማን ምን ልበል? ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ በእናቱ የክብር ቀን፣ "አንተ ከብደሃል፣ ውረድ" ይባላል? አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁ። ያን ሁሉ ዘመን ይሉኝታን በጽሑፍ ስወቅጠው የኖርኩ ሰው፣ እዚያው ቆሜ በይሉኝታ ተዘጋሁ። በያጁም አየኝ፤ እኔም አየሁት። "በእግዚአብሔር ኃይል" አለና ፓምፑን ነቀነቀ።

ተነሣ! እልልታው ቀለጠ። አንዲት ላም "እምቧ" አለች። በእያንዳንዱ ንቅናቄ መድረኩ ጥቂት ጥቂት እያለ ከፍ አለ። እኔ ራሴ ለአፍታ ትርፍ ያስቀመጥነው በቃ ብዬ ተጽናናሁ። የረሳሁት ግን ያንን የኩባያዎች ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የሚመዘዘው ወፍራሙ ነው፤ ስፋቱ ብዙ ስለሆነ ያንን ሁሉ ዘመድ በትንሽ ግፊት ተሸከመ። እሱ ተመዝዞ አለቀና የመካከለኛው ተራ ሆነ። ሸክሙ ያው ነው፤ የሚያርፍበት ስፋት ግን ቀነሰ፤ ስለዚህ ግፊቱ ጨመረ። እሱም ተንገራግጮ አለፈ። ቀጭኑ ተራ ሲደርሰው፣ ከመሬቱና ከፎቁ መሃል ላይ፣ መድረኩ ቆመ። በያጁ ፓምፑን ይነቀንቃል፤ ከሥር ግን "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዘይቱ ወደ ጋኑ እየተመለሰ ነው።

"ተበላሸ!" አለ አንዱ።

"አልተበላሸም!" ብዬ ጮኽኩ። "እየሠራ ነው!"

ይህን የመሰለ ማጽናኛ ሰምተው አያውቁም።

በያጁ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። እጁ ላይ መፍቻ ይዟል። "ጋሼ፣ ማስተንፈሻዋን አንድ ዙር ባጠብቃትስ? ይወጣል!"

"ይወጣል። ቱቦውም አብሮ ሊወጣ ይችላል።"

"እና ምን ልናደርግ ነው? አውርደን ሰው እንቀንሳ።"

ይህ ትክክለኛው መልስ ነበር። ወደ ላይ ጮክ ብዬ፣ በተቻለኝ ትሕትና፣ "እማማ፣ ትንሽ ዝቅ እናድርጋችሁና እንደገና እንጀምር" አልኩ።

"ማንን ነው ዝቅ የምታደርገው?" አሉ አማቴ።

በዚህ መሃል ሙሽራዋ ደረሰች። ነጭ ቀሚሷን በሁለት እጇ ሰብስባ የብረት ደረጃውን ወጣችና፣ ከመድረኩ እኩል ስትደርስ ቆመች። በመሃላቸው ያለው የደረጃው አጥርና የመድረኩ ትንሽ በር ብቻ ነው። አያትና የልጅ ልጅ፣ ምድር ላይም ያልሆኑ፣ ፎቅም ያልደረሱ፣ ተያዩ። ከላይ የአዳራሹ በር ተከፍቶ መዘምራኑ ጀምረው ነበር። ሙሽራው በበሩ ብቅ አለ፤ ያየውን አየና ተመልሶ ገባ።

የሙሽራዋ ዓይኖች እንባ ሞሉ። "አያቴ፣ በቃ እዚሁ መርቂኝ። እዚሁ ጎንበስ እልልሻለሁ።"

አማቴ ወደ ተከፈተው የአዳራሹ በር ቀና አሉ። እውነቱን ልናገር፣ እሺ ይላሉ ብዬ ፈራሁ። እሺ ቢሉ ኖሮ ሁላችንም እናጨበጭብ ነበር፤ ካሜራ ማኑም ቆንጆ ሥዕል ያገኝ ነበር። እሳቸውም በሚቀጥለው እሑድ ወደ ስኳር ዕቃውና ወደ ስልኩ ይመለሱ ነበር።

"ደረጃ ላይ?" አሉ በመጨረሻ። "አንቺን ደረጃ ላይ ነው ያሳደግሁሽ? ከዚህ ወደ ታች አልወርድም፤ እዚህም አልመርቅም።" ከዚያ በአጥሩ ላይ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "አንተ! ይሄ ነገር ለምን ቆመ? ሳታጣምም ንገረኝ።"

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ጥሩ አርታዒ አልገጠመኝም።

"ሰው በዝቷል እማማ። ከላይ ያለው ቱቦ ቀጭን ነው። የተሠራው ለእርስዎና ለአንድ ሰው ነው።"

"ታዲያ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ሲጫን ምን ትሠራ ነበር?"

ባለቤቴ ከላይ ሆና፣ "ያስብ ነበር እማዬ" አለች።

አማቴ ዞር ብለው አጃቢዎቻቸውን አዩ። ሁሉም ወዲያው ጫማውን ማየት ጀመረ።

"አንተ፣ ውረድ" አሉት ታላቁን ልጃቸውን።

"እማዬ፣ እኔማ ካንቺ አጠገብ..."

"ዘጠኝ ወር ተሸክሜሃለሁ፤ ይበቃኛል። ውረድ።"

በትንሿ በር ወደ ደረጃው ተሻገረ። ሚስቱ ሳትባል ተከተለችው። አስተናጋጇ "ይቅርታ እማማ" እያለች ወረደች። ታናሹ ወንድም፣ "እኔ ቀላል ነኝ፣ እኔ ልቅር" ሲል፣ "ቀላልማ መሆንህን አውቃለሁ፤ ሂድ" ተባለ። ታናሽ እህታቸው ብቻ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ።

"እኔ አልወርድም። አንቺን ብቻሽን አልለቅም።"

"እህቴ፣ አንቺና እኔ አንድ ላይ አህያ ላይ ወጥተን እናውቃለን?"

"አናውቅም።"

"ለምን?"

አክስቲቱ አሰቡ። ሳቅ አመለጣቸው፤ መላ ሰውነታቸው ተንቀጠቀጠ፤ መድረኩም አብሮ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። "ለአህያው አዝነን!" ብለው በልጆቻቸው ተደግፈው ወደ ደረጃው ተሻገሩ።

አሁን የቀሩት አማቴና ባለቤቴ ናቸው። በስሌቱ መሠረት ሁሉ ነገር ሊያልቅ ነው። በያጁ መፍቻውን ኪሱ ከቶ ፓምፑን ጨበጠ። እኔም እፎይ ብዬ፣ ሥራዬን የጨረስኩ መስሎኝ፣ ወደ ላሞቹ በኩል ጠጋ አልኩ።

"አንቺም ውረጂ" አሉ አማቴ።

"እኔ? እማዬ፣ ማን ይይዝሻል?"

"እሱ። ያሰላው እሱ አይደለም? ይውጣና አብሮኝ ይቁምበት።"

ግቢው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። ላሞቹም ጭምር መሰለኝ። የላሞቹ ባለቤት በረቱ በር ላይ ሆኖ፣ "ሂድ እንጂ! ወይስ ቱቦው ለአንተም ይጠብሃል?" አለኝ። ደረጃው ላይ ባለቤቴ ስትወርድ አለፈችኝ፤ በትዳራችን ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ወጥቼ በትንሿ በር ወደ መድረኩ ተሻገርኩ። አማቴ ክንዴን ያዙ። እኔ አልያዝኳቸውም፤ እሳቸው ናቸው የያዙኝ፤ ልዩነቱን እጃቸው በደንብ አስረዳኝ። በያጁ ነቀነቀ። ከሥራችን ያ "ሽሽሽ" አልተሰማም። ቀጭኑ ቱቦ እንደ ዕፉኝት ጸጥ ብሎ ተመዘዘ፤ ቀጭን ስለሆነም በፍጥነት ወጣ፤ ከፎቁ በረንዳ እኩል ደረስን። የአዳራሹ በር ከፊታችን ተከፍቶ ነበር። ሕዝቡ ቆሞ ነበር። አማቴ ክንዴን ለቀው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ በራሳቸው እግር ገቡ።

የእኔ ዕቅድ እዚያው በረንዳው ላይ ቀርቶ በደረጃው መውረድ ነበር። ነገር ግን ፊት ለፊት ሲደርሱ ዞር ብለው በእጃቸው ጠሩኝ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል። ሄድኩ። ሙሽራዋ ተንበርክካ ነበር። አማቴ ለመመረቅ ሁለቱም እጆቻቸው ያስፈልጓቸዋል፤ ከዘራውን የሚይዝ ሰው ደግሞ አልነበረም። ሰጡኝ።

ያለ ከዘራ ቆሙ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ በቀሚሳቸው ላይ ይታየኝ ነበር። ለመደገፍ እጄን ከፍ አደረግሁና፣ የሚጨብጡኝ ትዝ ብሎኝ መለስኩት። ሁለት እጃቸውን ልጅቷ ራስ ላይ ጫኑ። ከዚያ በአማርኛ ጀመሩ፤ በሀዲይኛ ቀጠሉ፤ እንደገና በአማርኛ ተመለሱ። ኔትወርክ የሚያዘገየው ነገር አልነበረም፤ ሕዝቡ "አሜን" የሚለው እሳቸው ቃሉን በጨረሱበት ቅጽበት ነበር።

የጴንጤ ምርቃት ርዝመቱን የማያውቅ ሰው ይህን አይረዳኝም። ከዘራውን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ፤ መልሼ አዛወርኩ። ከውጭ፣ ከታች፣ የበያጁ ወፍራም ድምፅ በተከፈተው በር ገባ፦

"ጋሼ! ይውረድ ወይስ ይቆይ?"

አማቴ እጃቸውን ከልጅቷ ራስ ላይ ሳያነሡ፣ ዓይናቸውንም ሳይገልጡ፣ በጸሎቱ መሃል መለሱለት።

"ይቆይ በለው። በሚቀጥለው እሑድም እፈልገዋለሁ።"

አዳራሹ "አሜን!" አለ።